እማዬ ያልፈለገችው ዊልቸር

ልብስ ሰፊዋ ዊልቸሩን ያዘዘችው ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ቆማ ነው። እናቷ ወድቃ ራጅ ክፍል ገብታለች፤ እሷ ደግሞ እግሯ አላርፍ ብሏት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ስልኳን አወጣች፣ ፈለገች፣ መጀመሪያ ያየችውን ደህና የሚመስል ዊልቸር አዘዘች፣ ከፈለች። ሐኪሙ ወጥቶ አጥንት እንዳልተሰበረ፣ ዳሌዋ ላይ ብቻ ክፉኛ እንደተመታች ሲነግራት የክፍያው ማረጋገጫ ስልኳ ላይ ገብቷል።

«ለጥቂት ሳምንት ምርኩዝ ትያዝ፤ ግን መራመድ አለባት» አላት። «የሚጎዳት ብዙ መቀመጥ ነው።»

እናቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የሰፈሩ ጎረምሳም አባወራም በእጇ ላይ ስለተወለደ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚላት። ዕቃው ማክሰኞ ዕለት ደረሰ። ልጅቷ ካርቶኑን ከፍታ ጎማዎቹን ገጠመችና ቤታቸው ኮሪደር ላይ አቆመችው። እናቷ ምርኩዟን ይዛ ከመኝታ ቤት ስትወጣ አየችው።

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነው እማዬ። ምናልባት ሲደክምሽ...»

«እኔ እግር አለኝ» አለችና በጎኑ አልፋ ወጥ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲያ ስለ ዊልቸሩ ትንፍሽ አላለችም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ስታልፍ ሆዷን ሰብስባ ግድግዳውን ታክካ ታልፋለች እንጂ ጣቷን እንኳ አታሳርፍበትም። ልጅቷ ግን ስትገባና ስትወጣ ቅልጥሟን ይመታታል። በሦስተኛው ቀን ልትመልሰው ወሰነች።

ሻጩ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ፣ በሩ የት እንደሆነ የማይታወቅ ድርጅት ነው። ስትደውል ድምፀ ለስላሳ የሆነች ሴት «እህቴ፣ እንደውልልሻለን» አለቻት። አልደወሉም። በአምስተኛው ቀን መልሳ ስትደውል ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ እንደማይቀበሉ ተነገራት። በሰባተኛው ቀን ደግሞ ገንዘቡን መስጠት አንችልም፣ በዋጋው ልክ ሌላ ዕቃ ምረጪ አሏት። ገጻቸውን ከፍታ አየች። ክራንች፣ የሽንት መቀበያ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የሕመምተኛ አልጋ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ወዲያው መልሳ አነሳችው።

ሱቋ ውስጥም እጇ ይሥራ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። የአንድ ኮት የቀኝ እጅጌ በግራ በኩል ገጠመች። ፈታችው። መልሳ በዚያው በግራ ገጠመችው። ይህን ያዩት ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛዋ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። ምን እንደነካት ጠየቋት፣ እሷም መርፌዋን እንደያዘች የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችላቸው። አዛውንቱ እስክትጨርስ ጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«በጽሑፍ አሳውቀሻቸዋል?»

አላሳወቀችም። ሰውየው ረጋ ብለው አስረዷት። ሳያዩ ከሩቅ የገዙትን ዕቃ፣ ከደረሰ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ሕግ የሰጣት መብት ነው፤ ካርቶን መክፈትም ዕቃውን ለማየት እስከሆነ ድረስ መብቷን አያስቀርም፤ በገንዘቧ ፋንታ ሌላ ዕቃ ውሰጂ ብሎ የሚያስገድዳት የለም። ነገር ግን በጊዜው ካልጻፈች፣ ደውዬ ነበር የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም። አሻፈረኝ ካሉ ከፖስታ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ አለ።

እዚያው ቆማ በስልኳ ጻፈች። የትእዛዙን ቁጥር፣ ዕቃው የደረሰበትን ቀን፣ ልትመልሰው መፈለጓን። ስምንተኛው ቀን ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እሷም ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች በየአምስት ደቂቃው መልእክት ሳጥኗን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቢሮው ለመሄድ ስትነሳ እናቷን ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማ አገኘቻት። ሊፍት የለም፣ ሦስት ፎቅ ነው፣ ዳሌሽ ገና አልዳነም ብላ ለመነቻት።

«በኔ ምክንያት የመጣ ዕቃ ነው» አለች እናቷ። «ስለኔ ሲወራ ልኑርበት።»

ደረጃውን ስትወጣ ልጅቷ ከኋላዋ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ትንፋሿን ውጣ ተከተለቻት። እናቷ በየመታጠፊያው ቆም እያለች፣ እያረፈች፣ ላቧን እየጠረገች ወጣች።

የቢሮው ሠራተኛ የጻፈችውን መልእክት ከስልኳ ላይ አንብቦ ሲጨርስ ወደ ድርጅቱ ደወለና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። በዚያኛው ጫፍ ኃላፊው ቀረበ። ዊልቸር የሕክምና ዕቃ ነው፣ በሽተኛ ከተቀመጠበት ለንጽሕና ሲባል አይመለስም አለ። እናትየው ምርኩዟን ተደግፋ ወደ ስልኩ ዘንበል አለች።

«በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ነው የመጣሁት። አልተቀመጥኩበትም።»

ሠራተኛው ሌላ የተቀመጠበት ሰው እንዳለ ልጅቷን ጠየቃት። የለም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«እኔ ተቀምጫለሁ» አለች። «አንድ ቀን ከሰዓት። ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄድኩበት።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ሠራተኛው ግን ድምፁን ሳይለውጥ፣ ይህ ማንም ገዢ ሱቅ ውስጥ የሚያደርገው ሙከራ እንደሆነ፣ ማሳወቂያውም በስምንተኛው ቀን እንደተላከ፣ ኃላፊው ሌላ ምክንያት ካለው በፊርማው እንዲልክለት ነገረው። ከዚያ ኃላፊው መኪና እንደሚልክና ገንዘቡን እንደሚመልስ ተናገረ፤ የመመለሻው ማጓጓዣ ግን በሷ ይሁን አለ። ያ በሕጉም የሷ ነው፤ ተስማማች።

ሲወርዱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እናቷ ቆመች።

«ለምንድነው የተቀመጥሽበት?»

«እንዴት እንደሚሆንብሽ ለማየት። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስደርስ የበሩ ደፍ አላሳልፍ አለኝ።» ልጅቷ የደረጃውን ብረት ጨበጠች። «የወደቅሽ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውለሽልኝ ነበር። ሙሽራ እየለካሁ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ነበርሽ።»

እናቷ ብረቱን ይዛ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለውንም ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችላት። ልጅቷ ተቀመጠች።

«አንቺ በአምስት ዓመትሽ ትኩሳት አጣድፎሽ ጎረቤት ነው ሐኪም ቤት ያደረሰሽ። እኔ የሰው ልጅ እያዋለድኩ ነበር። በዚያ ቂም ይዘሽብኛል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው እኔም አልያዝኩም። ሥራ ላይ ነበርሽ።»

አንድ ሰውዬ ወረቀት ታቅፎ ሲወጣ ጠጋ ጠጋ ብለው አሳለፉት። ልጅቷ እንባዋን በኮቷ እጅጌ ጠረገች፤ ከዚያ ተያይዘው ወረዱ።

መኪናው በማግስቱ መጥቶ ዊልቸሩን ወሰደ። ገንዘቡም በሳምንቱ ከማጓጓዣው በስተቀር ሳይሸራረፍ ገባ። ከብዙ ክርክር በኋላ እናቷ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ እንዲተከል ፈቀደች፤ ቁመቱንም ቦታውንም ራሷ ቆማ ለሠራተኛው አሳየችው።

እሑድ ዕለት ሁለት መንገድ ማዶ አንዲት ጎረቤት ሴት ልጅ መገላገሏ ተሰማ። የሕፃኗን አባትም ያዋለደችው የልብስ ሰፊዋ እናት ነበረች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልትጠይቃት ተነሳች፤ ልጇ ላድርስሽ ብትላት ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ እናቷ መሬቱን በምርኩዟ እየመታች ማዕዘኑን እስክትዞር ድረስ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን አደረገች። በሩን ከፈተች፣ ጥቂት ቆመች፣ መልሳ ዘጋችው። ጫማዋን አውልቃ ሰዓቱን አየች፤ ተመልሳም መስኮቱ ላይ ቆመች።