ባለ ሃያ አምስት ጥርስ

አሰልጣኙ ከማጣሪያው ውድድር በፊት የብስክሌት ማርሾችን በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለኋላ ጎማው የሚሻውን በሰው ፊት እንዲያነሣ ያዝዝ ነበር። የማርሹ ጥርስ በበዛ ቁጥር ዳገቱ ለእግር ይቀልላል፤ ባነሰ ቁጥር ይከብዳል። ይህን የማያውቅ ብስክሌተኛ የለም። አሰልጣኙ ግን በወጣትነቱ ባለ ሃያ ሦስቱን ገፍቶ ዋንጫ ስላነሣ፣ ብዙ ጥርስ የመረጠውን ሁሉ «አያቴ» ይለው ነበር፤ ስሙም አንድ ጊዜ ከተለጠፈ አይላቀቅም።

በዚያ ዓመት በቡድኑ ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ ሲሆን፣ የሚሹት ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ። ሁለቱም በሳሙና ፋብሪካ መጠቅለያ ክፍል ይሠራሉ፤ የሁለቱም ጣቶች በሶዳ ተሰነጣጥቀዋል። ቦታውን ያገኘችው ከዚያ ክፍል ትወጣለች፤ ያጣችው እዚያው ታረጃለች።

ታላቂቱ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ፣ ማርሾቹን ሳይሆን የአሰልጣኙን ፊት አይታ፣ ባለ ሃያ አምስቱን አነሣች።

ታናሺቱ ባለፈው እሑድ የውድድሩን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዳገት በእግሯ ወጥታ፣ መጨረሻው እንደ ግድግዳ የቆመ መሆኑን ተመልክታ ስለ ነበር፣ እጇን ወደ ባለ ሠላሳ አራቱ ሰደደች።

«ለማን ነው? ለአያትሽ?» አለ አሰልጣኙ።

«ለራሴ ነው ጋሼ።»

«ምርኩዝም ልጨምርልሽ?»

ሁሉም ሳቁ። ከፍ ብሎ የተሰማው የእኅቷ ሳቅ ነበር።

በውድድሩ ቀን ታላቂቱ እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር መራች። ከዚያ በኋላ ግን ፔዳሉን አንድ ዙር ለማዞር ከመቀመጫዋ ተነሥታ በመላ ሰውነቷ ትጫነው ጀመር። ታናሺቱ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ እግሯን ቶሎ ቶሎ እያሽከረከረች፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ውረጂና እየገፋሽ ሂጂ፤ ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ።»

«አንቺ አያቴ፣ ዞር በይልኝ።»

ዞር አለችላት፤ በአራት ደቂቃም ቀድማት ገባች። ታላቂቱ ስትደርስ ቀኝ እግሯን ከፔዳሉ ያነሣችው በእጇ ደግፋ ነበር።

አሰልጣኙ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ፍርዱን ሰጠ። «ይቺ ቀድማለች። በዚያ ማርሽ ማንም ይቀድማል። ያቺ ግን ልብ አላት፤ ቦታው የእሷ ነው።»

ፍርዱ ጠማማ መሆኑን ታላቂቱ ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበር። ሆኖም እጁን ጨበጠች፤ በማግሥቱም ፋብሪካውን ተሰናበተች። ታናሺቱ ባዶውን የእኅቷን መቀመጫ አጠገቧ አድርጋ ሳሙና መጠቅለሏን ቀጠለች።

በስድስተኛው ሳምንት የታላቂቱ ጉልበት አብጦ አልታጠፍ አለ። ሐኪሙም ከእንግዲህ ብስክሌት የሚባል ነገር እንዳታስብ ነገራት። አሰልጣኙ ይህን በሰማ ማግሥት ወደ ቤታቸው መጣ። ደረጃውን የወጣው መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በየደረጃው አንዱን እግር ከሌላው ጎን እያሳረፈ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርምጃ ያስቃትተው ነበር።

«ተሻለሽ?» አላት የተኛችውን፤ መልሷን ሳይጠብቅም ወደ ታናሺቱ ዞረ። «ቦታው ተለቅቋል። ከፈለግሽ ያንቺ ነው፤ ባለ ሃያ አምስቱን ከገጠምሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያሸነፍኩት በሠላሳ አራቱ ነው።»

«ባታሸንፊ መች እመጣ ነበር? ግን በእኔ ቡድን አያት አይጋልብም። ነገ ጠዋት ገጥመሽ ነይ፤ አለዚያ ሳሙናሽን ጠቅልዪ።»

ወጣ። በደረጃው ላይ የእግሩ ኮቴ እያረፈ እያረፈ ጠፋ።

«እትዬ፣ ያ ማርሽ እንዴት ነው?» አለች ታናሺቱ።

ታላቂቱ ጣሪያውን ትመለከት ነበር። እውነቱን ብትናገር እኅቷ በደኅና ጉልበት ትኖራለች፤ ነገር ግን በዚያ ቤት የተጎዳችው እርሷ ብቻ እንደ ሆነች ትቀራለች። ይህን ልትሸከመው አልቻለችም።

«ሲለምዱት ቀላል ነው» አለች። «የእኔ ጉልበት እንደሆነ ከድሮም በሽተኛ ነበር።»

አብራት በአንድ አልጋ ያደገችው ታናሺቱ ያ ጉልበት ታሞ እንደማያውቅ ታውቃለች። ውሸቱን ግን ሳትመረምር ተቀበለችው፤ የሚያስፈልጋት እርሱ ነበርና።

«መፍቻው የት ነው?»

«ከአልጋው ሥር።»

ተንበርክካ የዕቃውን ሣጥን ስትጎትት አልጋው ተናጋ፤ ታላቂቱም ጉልበቷን ይዛ ቃተተች። ታናሺቱ ሰምታታለች። ቀና ሳትል፣ ሣጥኑን ከፍታ፣ ለማርሹ የሚሆነውን መፍቻ መፈለግ ጀመረች።