«ሳንጃው» አትበሉት

መጀመሪያ የተሰማው የመኪና ድምፅ ነበር። ከቧንቧ ውሃ ዳገት በታች ማርሽ ቀይሮ፣ ትንሽ አቃስቶ፣ እንደገና ትንፋሽ ገዝቶ ሲወጣ አትጠገብ ከጓዳ ሆና ሰማችው። የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወንድሟ ብሩ ከኮምቦልቻ ጭኖ ሲመጣ ልክ እዚያችው ቦታ ላይ ነበር ማርሽ የሚቀይረው። ብሩ ግን የጉበት በሽታ አልለቀው ብሎ ካረፈ ዛሬ ሣልስቱ ነው።

መኪናው የቀበሌው ሊቀመንበር የጓድ ወርቅአፈራሁ ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ በተከለው ድንኳን ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ከመቀመጫው ተነሣ። ከሊቀመንበሩ ኋላ አንድ ረጅም ወጣት ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሴቶቹ መሀል ሹክሹክታ ሄደ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አማተበች። ወጣቱ ስለ ብሩ ዘመቻ በተሠራው ፊልም ብሩን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ነበር። ስሙን ለአትጠገብ ነግረዋት ነበር፤ ልቧ ግን አልያዘውም። ለእሷ ያ ሰው ወንድሟን ያስመሰለ ሰው ነው፣ አለቀ። ደግሞም መልኩ፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ መቆሙ፣ ጨካኝ በሆነ መንገድ ብሩን ይመስላል።

በሺር ንፍሮውን ሊቀበላት ወደ ጓዳው በር መጣ። ከብሩ ጋር ምሥራቅ ጦር ግንባር አብሮ የዘመተ፣ አሁንም አንድ እግሩን የሚጎትት የኮምቦልቻ ሰው ነው።

«አየሽው? ያ ነው በፊልሙ እኔን እቅፉ ውስጥ አድርጎ የገደለኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወላሂ፣ ስቀበር ራሴን አይቻለሁ። አፈሩን እንኳ ሰስተውብኛል።»

በለቅሶ ቤት መሆኗን ረስታ ልትስቅ ምንም አልቀራት። በፊልሙ በሺር የተባለው ወታደር ከሞተ ወዲህ የሰፈሩ ሰው በሕይወት ያለውን በሺርን «ሟቹ» ይለዋል፤ እሱም «አቤት» ይላል። ብሩን ደግሞ «ሳንጃው» አሉት። ብሩ ግን አቤት ብሎ አያውቅም።

ፊልሙን ያዩት አምና ነው። ኮምቦልቻ በፋብሪካው አዳራሽ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ፣ ብሩና አትጠገብ በክብር ከፊት ተቀምጠው ነበር። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ የሷ ደረት በኩራት ተነፋ። ቀጥሎ የመጣውን ግን አልጠበቀችም። በፊልሙ ላይ ያለው ብሩ ምሽግ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ በሳንጃው ግራና ቀኝ ወጋ፤ ቀይ ቀለሙ እስከ ክንዱ ተረጨ። መጨረሻ ላይ እጁን ወደ ላይ ያነሣ አንድ ምርኮኛ ቀረ። ሳንጃው እሱም ላይ ገባ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብሩ አንገቱን ደፍቶ የሸሚዙን እጅጌ ያፍተለትል ነበር።

ሲመለሱ በጭነት መኪናው የሐረጎን ዳገት ጠመዝማዛውን ወጡ።

«እታለም» አላት መሪውን እንደያዘ። «ያን እጁን ያነሣውን ሰውዬ እኮ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገራት። ብሩ የዘመተው በሾፌርነት ነበር፤ የውሃ ቦቴ ይነዳል። አንድ ኮረብታ ላይ ወገን ተከቦ ምላሱ ከላንቃው ሲጣበቅ፣ ሌላው ሾፌር ሁሉ መንገዱ ተቆርጧል ሲል፣ እሱ ቦቴውን በጥይት እያስበሳ ወጣ። ቀዳዳውን በጨርቅና በጭቃ እየደፈነ ነው ያደረሰው። ሲመለስ ቁስለኛውን ሁሉ ጫነ፤ የእኛ የእነሱ አላለም። ያ ምርኮኛ በብሩ በራሱ ኮዳ ነበር የጠጣው። ጥይት እንኳ አንድ ሳይተኩስ፣ የተሰጠውን እንደተሰጠው መለሰ። ይህን ሁሉ ለፊልም ሠሪዎቹ አንድ ቀን ሙሉ አውርቶላቸዋል። እነሱ ግን ውሃ ማመላለስ ሕዝብ አያነሣሣም አሉት።

በሽታው ሲጠናበት የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሞት ‹ሳንጃው› ብላችሁ እንዳታስለቅሱኝ» አላት። እሺ ብላዋለች። በሣልስት የወጣ ሙሾ ደግሞ ከሰው አፍ አይወርድም፤ ልጅ ከእናቱ እየሰማ፣ ስምና ግብር ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ሊቀመንበሩ አስለቃሿን አባይነሽን በሳንጃው እንድታስለቅስ አስቀድሞ አነጋግሯታል። ተዋናዩም ከሙሾው በኋላ ተነሥቶ የፊልሙን ፉከራ እንዲያሰማ ተሰናድቷል። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ያሰናዳውን ማፍረስ የዋዛ ነገር አልነበረም።

አባይነሽ መሀል ገባች። የብሩን ፎቶ በግራ እጇ አንሥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያንን ደሴ ሁሉ የሚያውቀውን ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ሳንጃው ሲያብረቀርቅ የጠላት ደም ጠጥቶ፣
ማን ይቆም ነበረ ከብሩ ፊት መጥቶ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። የብሩ እናት እማማ ገበያነሽ ብቻ አልመቱም። ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ልጃቸውን አትጠገብን ቀና ብለው አዩዋት።

አትጠገብ መሀል ገባች። አስለቃሽ ማቋረጥ ነውር ነው።

«እትዬ አባይነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እሱ የፊልሙ ሰው ነው። የእኔን ወንድም ያልቅሱልኝ።»

ጓድ ወርቅአፈራሁ ተጠግቷት፣ ሰው እንዳይሰማ በለሆሳስ፣ ሐዘኗ እንደሚገባው፣ ግን የዚህ ጀግና ታሪክ አሁን የመንግሥት መሆኑን ነገራት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የእሱን ፍርሃት ስታይ የእሷ ቀለላት።

«ታሪኩ የመንግሥት ይሁን ጓድ» አለች፣ ጮክ ብላም ባይሆን ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። «ሬሳው ግን የእኛ ነው።»

ከዚያ ወደ አስለቃሿ ዞራ ሐረጎ ላይ የሰማችውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ቦቴውን፣ ጭቃውን፣ እጁን ያነሣውን ሰውዬ። ወንዶቹ ከተቀመጡበት በሺር እግሩን እየጎተተ ተነሣ።

«ወላሂ፣ እውነቷን ነው» አለ። «ከጠጡት አንዱ እኔ ነኝ። ሞተሃል ብላችሁ ዝም አትበሉኝ እንግዲህ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእንባው መሀል ሳቀ። አባይነሽ አልተቆጣችም፤ አላፈረችምም። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። የሰማችውን እንደ እህል አላምጣ፣ ፎቶውን ከግራ ወደ ቀኝ እጇ አዛውራ፣ የተቋረጠውን ዜማ ከቆመበት አነሣችው፦

«ሳንጃ አትበሉብኝ ወንድሜን አደራ፣
ወገንና ጠላት ያጠጣ በተራ።»

ያኔ እማማ ገበያነሽ ደረታቸውን መቱ። ድንኳኑ አብሯቸው ተነሣ። አትጠገብ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ቀና ያላለ አንገቷ ቀና አለ፤ እንባዋ እየወረደ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ሲሉት ከአፋቸው እየሰማች፣ እንደ ሙሽራ እናት ኮራች።

ለቅሶው በረድ ሲል ሊቀመንበሩ ወደ ተዋናዩ ምልክት ሰጠ። ወጣቱ ተነሣ። ሰው ሁሉ ፉከራውን ጠበቀ። እሱ ግን መሀል አልቆመም። በሰዉ ጉልበት መሀል አልፎ እማማ ገበያነሽ ፊት በርከክ አለ።

አሮጊቷ ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለብሩ ያደርጉት እንደነበረው፣ የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ከአንገቱ ሥር ቆለፉለት። ኮሌታውንም አስተካከሉት።

ወጣቱ ብድግ አለ። ጓድ ወርቅአፈራሁ በስሙ ጠራው፤ ወጣቱ ፉከራውን ትቶ ከድንኳኑ ወጣ። ሾፌሩ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሞለት ነበር፤ በአጠገቡ አልፎት ቁልቁል ወደ ሰኞ ገበያ በእግሩ ወረደ።