ያለ ሞት የወጣ አግዳሚ

ሄሊኮፕተሯ ከሲሚንቶው ወለል ተነሣች፤ ታፋ የሚባለው ሰው ደረት ድረስ ከፍ አለችና ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። ታፋ ሊያቃናት የሪሞቱን እጀታ በአውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ገፋ። ገፋ ከማለት ደፈቀው ማለት ይቀላል። ሄሊኮፕተሯ አዳራሹን አቋርጣ ከግድግዳው ተላተመችና ወደቀች።

ሄዶ አነሣት። ከላይኞቹ ክንፎች የአንዱ ጫፍ ተሰንጥቋል፤ ዘንጓ ግን አልጎበጠም። የመኪና መሪ መሰለህ እንዴ ብሎ ራሱን ተቆጣና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ክንፉን በሙጫ መጠገን ጀመረ።

ታፋ ነቀምቴ ውስጥ የአንድ ሰፈር ዕድር ንብረት ጠባቂ ነው። የዕድሩ አዳራሽ በአዘቦት ቀን መተላለፊያ እንኳ አይገኝበትም፤ አግዳሚ ወንበሩ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ድስትና ሳህኑ ተከምሮ ይሞላዋል። ባዶ የሚሆነው ሰው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ዕቃው ሁሉ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄድና ሣልስቱ እስኪወጣ አዳራሹ ይሰፋል። ዛሬም የሰፋው ከታች ሰፈር አዴ ድንቅነሽ የሚባሉ ባልቴት ስላረፉ ነበር። ታፋ ቀብር ውሎ፣ አፈር መልሶ፣ ሐዘንተኞቹን ዋቃዮ ያጽናችሁ ብሎ፣ ከዚያ ሪሞቱን ይዞ ወደዚህ መጣ። በሰው ሞት መጫወት እንዳይሆንበት ነገሩን ላለማሰብ ይሞክራል። ግን ሌላ ቦታ የለውም። ውጭ ነፋሱ ይወስዳታል። በዚህ ዘመን ደግሞ ከበላዩ የሚያጉረመርም ነገር ሰምቶ ደስ የሚለው ሰው የለም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ቢጠይቅ፣ ዘበኛው የሚበር ነገር ከሆነ ደብዳቤ አምጣ ብሎ መለሰው።

መጫወቻው የልጅ ነው፤ ጉዳዩ ግን የልጅ አልነበረም። የታፋ ጎረቤት ሠርፀ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ። ታፋ በጭነት መኪና የአንገር ጉቲንን በቆሎ ሲያመላልስ የመኪናውን ቴፕ የሚያድስለት እሱ ነበርና ጓደኝነታቸው ከዚያ ይጀምራል። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ታፋ መሪውን ተወ። ሠርፀ ደግሞ ጉበቱን ታመመና ሱቁን ዘጋ። ከሱቁ ወደ ቤት ባመጣው ኮተት መካከል አንድ ነጋዴ ለመለዋወጫ ይሁንህ ብሎ የጣለለት አንድ ካርቶን ሙሉ የተሰባበሩ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ሠርፀ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ታፋ ሥራ ፈትቷል። አንዱ ተኝቶ እያዘዘ ሌላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይፈታ ጀመር። ታፋ የተበላ የማርሽ ጥርስ መለወጥ፣ የጎበጠ ዘንግ ማቃናት፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ መበየድ ተማረ። የሽቦው ነገር ብዙ አሰድቦታል። ከዚያ ሁሉ ስብርባሪ አንዲት ደህና ሄሊኮፕተር ወጣች።

ሐኪሞቹ ሠርፀን ቤቱ ሆኖ ተንከባከቡት ብለው የመለሱት በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሚስቱ አሰፋችም፣ ታፋም፣ ራሱ ሠርፀም ያውቃሉ።

"ስንቱን የሞተ ሬዲዮ አናገርኩ" አለው ሠርፀ አንድ ቀን። "አየር ላይ ያቆምኩት ነገር ግን የለኝም። እቺን አቁምልኝ፣ ታፌ። መብረሯን አይደለም፣ መቆሟን ነው ማየት የምፈልገው።"

"ነገ ይዣት እመጣለሁ።"

"ሳትቆምልህ እንዳታመጣት። ስትወድቅ የማይበት አቅም የለኝም።"

ታፋ ቃል ገባ። ቃል መግባት ቀላል ነው፤ የጭነት መኪና ሲታገል የኖረ እጅ ደግሞ እንዲህ ላለ ሥራ አልተሠራም።

የአዴ ድንቅነሽ ሣልስት ወጣ፤ አግዳሚው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እግዜር ሰፈሩን ታረቀውና ሰው ሳይሞት ሳምንታት አለፉ። ሰው ሁሉ ያመሰግናል። ታፋ በወንበሮቹ መሃል ባለችው ክፍተት ሊያስነሣት ይሞክራል፤ ገና ብድግ ከማለቷ ድስት ላይ ታርፋለች። የሠርፀ ዓይን በበኩሉ ከቀን ወደ ቀን ቢጫ እየሆነ ሄደ፤ ከሾርባ ሌላ ምግብ አልወርድለት አለ።

አንድ ማለዳ ታፋ የዕድሩን ጥሩምባ ነፊ ጨመዳን መንገድ ላይ አገኘው።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ታፋ?"

"ፈያ፣ ጨመዳ። ሰሞኑን ድምፅህ ጠፋ። ሰው የለም?"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"እንዲያው... ያረፈ።"

"የለም፣ ተመስገን ነው።" ጨመዳ ቆም ብሎ አየው። "የሚጠብቁት ሰው አለ እንዴ?"

ታፋ ሳቅ ብሎ አለፈው፤ ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። ወደ አዳራሹ እያመራ ነገሩን አሰበው። ሞት ሲጠብቅ ከርሟል። ጥሩምባ ይነፋ ይሆን እያለ ማለዳ ማለዳ ጆሮውን ሲያቆም ከርሟል። በራሱ አፈረ። ከኀፍረቱ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን የባሰ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ ያለው ሰው ሠርፀ ነው። አዳራሹ ባዶ የሚሆንለት ሠርፀ ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ማቆሙን ቢችልበት ለማን ያሳየዋል?

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በሩን ከፈተ። የመጀመሪያውን አግዳሚ ጫፍ ይዞ ወደ ውጭ ጎተተ።

ያለ ሞት አግዳሚ አይወጣም። ይህ በደንቡ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። ለሠርግ የሚለምን ሰው እንኳ ቢመጣ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ገለታ የሐዘን ዕቃ ደስታ ቤት አይገባም ብለው ይመልሱታል። ታፋም ለስንት ሰው ይህንኑ ሲል ኖሯል። አሁን ግን እያላበው አንድ በአንድ አውጥቶ በአጥሩ ጥግ፣ መንገድ ዳር ደረደረ። ለአንድ አፍታ ነው፣ ማን ያየኛል እያለ ራሱን ያጽናናል። መንገዱ ገበያ በሚወርድ ሰው ተሞልቶ ሳለ ይህን ማለቱ የሰውዬው ልብ የት እንደነበር ያሳያል።

በሩን ዘግቶ ሄሊኮፕተሯን አስነሣት። ወደ ግራ አዘነበለች። ነካ አድርገህ ተዋት፣ የአንገር ጉቲን መንገድ አይደለችም ይለው ነበር ሠርፀ። ነካ አድርጎ ተዋት። ተመለሰች። ወደ ፊት ልታመልጥ ስትል እንደገና ነካ አድርጎ ተዋት። እስከ ዛሬ ሲጥላት የኖረው የገዛ እጁ ችኮላ እንደነበር ገባው። ብዙ ጊዜ ሸሸች፣ ብዙ ጊዜ መለሳት፤ ኋላ ላይ ከፊቱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ታፋ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ባትሪዋ አልቆ ራሷ እስክትወርድ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

የክንፎቿ ጩኸት ሲያበቃ የውጭው ጩኸት ተሰማው። ለቅሶ ነው።

በሩን ከፈተ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ሽቅብ ይሮጣሉ፤ የሚሮጡት ወደ ሠርፀ ቤት ነው። ታፋ ሳላሳየው ሞተ ብሎ አሰበ። ሄሊኮፕተሯን በብብቱ እንደያዘ፣ ወንድሜን፣ ሠርፄን እያለ፣ እንባው እየወረደ ከኋላቸው ተከተለ። ራሱ የደረደረውን የወንበር ሰልፍ ታክኮ ሲያልፍ አላየውም።

አሰፋች የሾርባ ሳህን በእጇ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

"ምን ሆናችሁ?" አለች። "ማን ሞተ?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት የነበረችው ናኦሚ የምትባል ጎረቤት ነጠላዋን እያቃናች፣ አግዳሚው ወጥቶ ስላየች ሠርፀ ያረፈ መስሏት እንደመጣች፣ ሌሎቹም እሷን አይተው እንደተከተሏት በኀፍረት ተናገረች። ጨመዳም እያለከለከ ደርሷል፤ እኔ ጥሩምባ ሳልነፋ እንዴት ሰው ይሞታል እያለ ይጠይቃል። ታፋ ክው አለ። እንባው ገና ጉንጩ ላይ አልደረቀም። ዳኛው ኦቦ ገለታም ጋቢያቸውን ደርበው ደረሱ።

"ማን ነው ያወጣው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ለማን ብለህ?"

ታፋ በብብቱ የያዛትን አውጥቶ አሳያቸው። ኦቦ ገለታ መጫወቻዋን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። አልጮኹበትም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ አስለቀስክ ብቻ አሉት።

አሰፋች የተናገረችው ግን ይበልጥ ጎዳው።

"እኔ እግዜርን አንድ ቀን ጨምርልኝ እያልኩ ስለምነው አድራለሁ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንተ ሞቱን መንገድ ላይ ትደረድራለህ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ሟርት ነው እል ነበር። አንተ ስታደርገው ምን ልበለው?"

ከውስጥ ደካማ ድምፅ ተሰማ። ታፌ እዚያ አለ ወይ ይላል፤ ካለ ይግባ ይላል።

ታፋ ገባ። ሰዉም ተከትሎት ገባና በግድግዳው ዙሪያ ቆመ። ሠርፀ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

"የቁም ተዝካሬን አወጣህልኝ" አለው።

"ሠርፄ፣ ማሎ፣ ይቅር በለኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም።"

"ለቅሶውን ሰማሁት። ናኦሚ ሳትቀር አለቀሰችልኝ፤ ሬዲዮዬን አበላሸ ብላ ዓመት ሙሉ ያኮረፈችኝ።" ናኦሚ አንገቷን ደፋች። ሠርፀ ፈገግ አለ። "ቆመችልህ?"

"ቆመች።"

"እንግዲያ አሳየኛ።"

ታፋ ክፍሏን ዙሪያዋን አየ። "እዚህ? ጠባብ ነው፤ ሰውም ሞልቷል። ያቆምኳት አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ነው።"

ሠርፀ ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ። "እኔ ያለሁት እዚህ ነው" አለ።

ታፋ ከኪሱ ሌላ ባትሪ አውጥቶ ቀየረ። ሰዉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ አሰፋች ሾርባውን አስቀምጣ መጋረጃውን በእጇ ያዘችለት። ከአልጋው ግርጌ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስነሣት። ክፍሏ ጠባብ ናትና የገዛ ነፋሷ ከግድግዳው ተመልሶ ገፋት፤ ወደ ኦቦ ገለታ ጋቢ አዘነበለች። ኦቦ ገለታ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ታፋ እጀታውን ሊደፍቅ የነበረውን ጣቱን ገታና ነካ አድርጎ ተዋት። ተመለሰች። ከሠርፀ ጉልበት በላይ ደረሰችና ቆመች። ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ከቦታዋ ግን አልሄደችም። ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያዩዋታል። ሠርፀ እያያት እንባው ወረደ፤ አላበሰውም።

"ድምፅዋ ደህና ነው" አለ። "ጥርሷን በደንብ ነው የለወጥከው።"

ታፋ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም። ቀስ አድርጎ ጠረጴዛዋ ላይ መልሶ አሳረፋት።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሠርፀ ደክሞት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ኮቴያቸውን ሰምቶ ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

"የት ትሄዳላችሁ? የመጣችሁት ለእኔ አይደለም? ስሞት መጥታችሁ ብትቀመጡ እኔ አላያችሁም።"

ሁሉም ባሉበት ቀሩ። አሰፋች መቀመጫ ፍለጋ ዙሪያዋን አየች፤ በቤቱ ያለው አንድ በርጩማና የአልጋው ጫፍ ነው። ኦቦ ገለታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ታፋን ወደ ደጅ ጠሩት። የሆነው ሆኗል አሉት፤ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው፣ አግዳሚው አሁኑኑ ይመለስ፣ ቁልፉን ደግሞ ነገ ያስረክብ። ታፋ አልተከራከረም፤ እውነታቸውን ነው።

ከጨመዳ ጋር ወደ አጥሩ ወረዱ። አንዱን አግዳሚ በጫፍና በጫፍ ይዘው አነሡ። ጨመዳ ወደ አዳራሹ በር ሲዞር ታፋ ወደ ሽቅቡ፣ ወደ ሠርፀ ቤት ዞረ። ወንበሩ በሁለቱ መካከል ተወጠረ።

"ኦቦ ታፋ፣ አዳራሹ በዚህ ነው።"

ታፋ የያዘውን ጫፍ መሬት አስነካ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በጨመዳ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ነገን አልጠብቅም፤ ለዳኛው ስጥልኝ" አለው። "አሁን ያንን ጫፍ ያዝ፣ ሰዎቹ ቆመዋል።"