ከድስቱ የተረፈው ፉል

ኬሪያ ከላዳን ድስት የጨለፈችውን ፉል ከነዕቃው የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ዶክተር፣ ይኼን መርምርልኝ። መርዝ አለበት።"

ሐኪሙ የኋላሸት ወደ ጅጅጋ ከተመደበ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፉል በክስ ሲቀርብለት ግን የመጀመሪያው ነበር።

"ማን ጨመረበት ነው የሚሉት፣ እናቴ?"

"የልጅ ልጄ የእንጀራ እናት፣ ላዳን ናታ! ልጄ ከሞተች ዓመት ሳይሞላ ባሏ ሂርሲ አገባት። እሱ ወደ አይሻ ከተማ በሚወስደው መንገድ መኪናውን ይነዳል፣ እሷ ልጁን ታበላለች። ባለፈው ወር ዐብዲወሊ ቢጫ ሆኖ ዳነ። ትናንት ደግሞ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። አንዴ ቢሆን አላህ ያዘዘው ነው እል ነበር። ሁለቴ ግን..."

ላዳን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ወደተኛበት ክፍል እንዳትገባ የከለከለቻት ኬሪያ ናት። ጠዋት ላዳን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ፣ ኬሪያ እውነተኛ እንባ መሆን አለመሆኑን ጎንበስ ብላ አይታለች። ዛሬ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እንዲመጡ ደግሞ ልጁን ከላዳን ቤት የሚያወጡ ሽማግሌዎች ጠርታለች።

"መርዝ አይደለም" አለ የኋላሸት። "ቀይ የደም ሴሎቹ እየፈረሱ ነው። ሴሉ ውስጥ ስኳርን ተጠቅሞ መከላከያ የሚያዘጋጅለት አንድ ኢንዛይም አለ። የዐብዲወሊ ደካማ ይመስለኛል፤ ሲያገግም በምርመራ እናረጋግጣለን። በአዘቦት ምንም አይሆንም። ፉሉ የተሠራበትን ባቄላ ሲበላ ግን ደሙ ራሱን መከላከል ያቅተዋል።"

"ከተማው ሁሉ በፉል አይደል የሚያነጋው?"

"ለሌላው ምግብ ነው። ወንድ ልጅ ይኼን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በእርስዎ ወገን ባቄላ በልቶ ቢጫ የሆነ ወንድ ነበር?"

ኬሪያ ልጅነቷን አስታወሰች።

እናቷ ለቤቱ ወንዶች ባቄላ አታቀርብም ነበር። "ለወንዶቻችን አይስማማም" ትላለች፣ ሌላ ቃል አትጨምርም። ታላቅ ወንድሟ ጎረቤት ቤት በልቶ መጥቶ ሳምንት ሙሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ኬሪያም፣ የሞተችው ልጇም ልማዱን ለምን ሳይሉ ጠበቁት። ለላዳን ማን ይንገራት? ኬሪያ እስከ ትናንት ደጃፏን ረግጣ አታውቅም።

"እናቴ?"

"ነበር" አለች። "ወንድሜ።"

የኋላሸት ልጁ እንደሚድን ነገራትና ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ። "የማይበላው ምግብና የማይወስደው መድኃኒት ይኼው። ለሚያሳድገው ሰው ይስጡልኝ።"

ኬሪያ ከክፍሉ ስትወጣ ላዳን ከአግዳሚው ተነሣች።

"ኤዶ፣ አክስቴ፣ ሐኪሙ ምን አለ? ወላሂ እኔ የበላሁትን ነው ያበላሁት!"

"አውቃለሁ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ይጠራሻል። ባቄላ እንደማይስማማው ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"ይምጡ። ባቄላ ለወንዶቻችን እንደማይስማማ እያወቅኩ ዝም ማለቴን ከእኔው አፍ ይስሙ።"

ኬሪያ ወረቀቱን ልትከት ቦርሳዋን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው፤ ወረቀቱንም ላዳን እጅ ላይ አኖረች።