የተሰረዙት ዝርዝር

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ቤቶቹ ኮምፒዩተሮች በሙሉ ሰው አናስገባም አሉ። በድሉ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው ዋና ቢሮ ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ በድሉ፣ ሰዉ ተሰልፏል!» አለች አሚራ፣ የአብነት ቅርንጫፍ ፋርማሲስት። «ሰርተፍኬትሽ አይሠራም ይለኛል። ተባረርኩ እንዴ?»

«ማን ያባርርሻል፤ ቆይ።»

የእያንዳንዱን ኮምፒዩተር ሰርተፍኬት፣ ዲጂታል መታወቂያውን ማለት ነው፣ የሚፈርመው በድሉ ያቆመው ፕሮግራም ነው። ያኔ ከአሥረኛ ክፍል የቀረ የኤሌክትሪክ ገመድ ጎታች ነበር፤ ያቆመውም ለማንም ክፍት የሆነውን ነፃ ሶፍትዌር አውርዶ፣ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታ ነው። ሥራው ሲመረቅ የምስጋና ወረቀቱ ለኢንጂነሮቹ ታደለ፤ እሱን «ኤሌክትሪሽያናችን» ብለው አስጨበጨቡለት። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጭብጨባው ዛሬም ያመዋል። አሁን ደግሞ ሰርተፍኬቶቹ የሚፈረሙበትን፣ በፍላሽ የሚይዘውን ምስጢራዊ ቁልፍ ለአዲሷ ባለዲግሪ ለወይንሀረግ አስረክብ ሊሉት ነው። ቁልፉ ከሄደ ምን ቀረው?

የተሰረዙ ሰርተፍኬቶችን ዝርዝር ከፈተ። ዝርዝሩ ጊዜው ካለፈበት ኮምፒዩተሮቹ ማንንም አያምኑም። ትናንት እሱ ቁልፉን ከፍቶላት ወይንሀረግ አድሳዋለች፤ የሚያበቃበት ቀን ግን በፈረንጅ 2018 ይላል። ገና ሲወጣ ያረጀ ዝርዝር! ባለዲግሪዋ መሳሳቷ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ድካም ያዘለ ነበር።

ቀኑን አስተካክሎ ፈረመ። የአብነት ቅርንጫፍ ኮምፒዩተር ተከፈተ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ተስፋሚካኤል ወይንሀረግን አስከትሎ ገባ። «የማን ሥራ ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው» አለች ወይንሀረግ። «ግን ከዚህ ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት።» በድሉ የጻፈላትን ማስታወሻ ዘረጋች፤ «እስከ 10/2/2018» ይላል። ጥቅምት አሥር ማለቱ ነው። «ጋሽ በድሉ፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት?»

በድሉ ወረቀቱን አየ። የገዛ እጅ ጽሑፉ ነው። ሁሌ ወደ ፈረንጁ የሚመልሰው በጭንቅላቱ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው እንደሚያነበው ትዝም አላለው።

«ረስተኸው ነው አይደል?» አለ ተስፋሚካኤል ለስለስ ብሎ። «ረሳሁ በልና ይለፍ። ቁልፉን አብራችሁ ትይዙታላችሁ።»

ረሳሁ። ያልተማረው ሰውዬ ረሳ። ይቺን ቃል ነበር ሁሉም ስምንት ዓመት ከአፉ የጠበቁት።

«አውቄ ነው የተውኩት» አለ።

«ኧረ ጋሽ በድሉ፣ ይተዉ እንጂ» አለች ወይንሀረግ ደንግጣ።

«አውቄ ነው አልኩሽ!»

ተስፋሚካኤል ቁልፉን ለመቀበል መዳፉን ዘረጋ። በድሉ ቁልፉ ያለበትን ፍላሽ ከኪሱ አወጣና ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ፣ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ያስጽፋት ጀመር።