እናቴ ሸረሪት የሆነችበት ቅዳሜ

እናቴን ሸረሪት ያደረገቻት አምላክ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀችም። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ ነው። ያን ቅዳሜ እሷ የሕፃናት ዩኒፎርም ስትተኩስ፣ እኔ ቁልፍ ስተክል፣ አንዲት ረዥም ሴት ትከሻዋ ላይ ጉጉት አስቀምጣ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጠረጴዛ ልብስ ሄደች። አውራ ዶሮ የተጠለፈበት ነው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። አንድም የክር ቋጠሮ አላገኘችበትም።

"ይህን ማን ጠለፈው?"

"እኛው ነን፣ እመቤቴ" አለች እናቴ። ለደንበኛ ሁሌም "እኛ" ነው የምትለው።

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። ጣቷን ወደ እናቴ ቀሰረች። ካውያው ሲወድቅ ሰማሁ፤ እናቴ ግን የለችም። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ጥቁር ሸረሪት ቆማለች።

"ካውያውን አንሺ፣ ሱሪው ሊቃጠል ነው" አለችኝ ሸረሪቷ በቀጭን ድምፅ።

አነሣሁት።

"እኔ የግሪኮች የጥበብና የእጅ ሥራ አምላክ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። "በጥንት ዘመንም አንዲት ሸማኔ ተፎካክራኝ እንዲህ ሆናለች።"

ደሜ ፈላ። "ማን ተፎካከረሽ? እሷ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ዶሮውን የጠለፍኩት እኔ ነኝ።"

"ለትልቅ ሰው አንቺ ይባላል?" አለች እናቴ። ስምንት እግር አብቅላም ቁጣዋን አልተወችም።

"እሺ፣ እርስዎ ተሳስተዋል።"

"አማልክት አይሳሳቱም።"

ጉጉቱ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ። እኔ ብርጭቆ ብሰብር እንኳ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሷ የሰው እናት ሸረሪት አድርጋ ትኮራለች።

"እንግዲያው ይቀመጡ" አልኳት የስፌት መኪናው ፊት ወንበር ስቤ። "ሰኞ ጠዋት ልጆች ዩኒፎርም ይጠብቃሉ፤ አሥራ ሁለት ያልተሰፋ ሱሪ ይቀረናል። ሰፊዋን ሸረሪት ያደረጓት እርስዎ ነዎት። የእጅ ሥራ አምላክ አይደሉ?"

ተንጠባርራ ተቀመጠች። የስፌት መኪና በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ክሩን በጠሰችው፤ ቀጥላ የራሷን እጅጌ ከሱሪው ጋር ሰፋችው፤ በመጨረሻ መርፌውን ሰበረች።

"መኪናው የተረገመ ነው" አለች።

"መኪናው ምንም አልሆነም" አለች እናቴ፣ በክር ተንጠልጥላ አጠገቧ እየወረደች። "እግርዎን ቀለል ያድርጉት። ጨርቁን አይግፉት፣ ራሱ ይሄድልዎታል።"

ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። "እማዬ፣ እንዲህ ላደረገችሽ ሴት ታስተምሪያለሽ?"

"ሕፃናቱ ምን አጠፉ?"

ከአንድ ሰዓት በኋላ አምላክ ሆዬ አንድ ሱሪ ጨረሰች። አንዱ እግሩ በአራት ጣት ያጥራል። አንሥታ አየችው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ዶሮ አየች። ከዚያ ሸረሪቷን በጣቷ ነካቻት፤ እናቴ ሻሿ ተንሻፎ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ጠላፊዋ አንቺ ነሻ።"

እናቴ ከጠረጴዛው ዘላ መሃላችን ቆመች። ለደንበኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቴ። "ልጄን ከነኳት ግን እኔም አንቺ ነው የምልዎት" አለቻት።

አምላክ ሆዬ ጎዶሎ ሱሪዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ወጣች። ጉጉቱ ብቻ በሩ ላይ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገልን።

"ነይ፣ መርፌውን ቀይሪልኝ" አለች እናቴ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠች። "እኔ ክሩን አስገባለሁ።"

አላስገባችውም። ዓይኗን ጨፍና የምታስገባውን ክር ሁለቴ ሞከረች፤ ሁለቴም ቀዳዳውን ሳተች። ያን ሁሉ ጊዜ ስትቆጣኝና ስታስተምር በፍርሃት ልትሞት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ክሩን ከእጇ ወስጄ አስገባሁላት፤ ንዴቴም እንደ አዲስ ተነሣ።