ውሃ ብቻ ነው

"ቀስ በይ እንጂ! የሰው እጅ እኮ ነው፣ አንሶላ መሰለሽ?"

ነርሷ የእናትን ጩኸት አልሰማችም። ቁስሉ ላይ የተጣበቀውን ፋሻ እያራሰች ትልጣለች። እናት በደህናው እጇ የልጇን እጅ ጨምቃ ይዛለች።

እናት የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነች። ባለፈው ሳምንት የካውያው እንፋሎት የእጇን ጀርባ ገሸለጠው። ቤት ገብታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የለመደችውን! ከሆቴሉ ደብቃ ባመጣችው በረኪና ፈተገችው፣ ያውም ሦስት ቀን። "እድፍ ካላቃጠሉት አይለቅም" እያለች፣ እንባዋ እየወረደ።

"ምን አድርገውበት ነው እንዲህ የነጣው፣ እናቴ?"

"ውሃ ብቻ ነው፣ ሲስተር።"

ነርሷ ነጩን ቦታ በመቆንጠጫ ነካ አደረገችው። "ያምዎታል?"

"ምንም!" እናት ደረቷን ነፋች።

"ጎበዝ! እንግዲያው ቅባት እሰጥዎታለሁ። ለሆቴሉም ምን እንደጎዳዎት ወረቀት እጽፋለሁ።" ውጭ ወረፋው በሩን ሊሰብረው ደርሷል።

ልጅቷ ግን ነጩን ቦታ አተኩራ አየችው። ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪው ስለ ሽፋን ህብረህዋስ ሲያስተምር አንድ ቀን እንኳ አላንቀላፋችም። የሳንባው ሽፋን አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ስስ። የአየር ቧንቧው አቧራ የሚጠርግ ጸጉር አለው። የአንጀቱ ህዋሶች እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የቆዳው እንደ ታጠፈ አንሶላ የተደራረበ ነው፤ አዲሱን የሚወልደው የታችኛው ረድፍ ነው።

"የታችኛው ከሞተስ?" ብላ አስተማሪውን ጠይቃው ነበር።

"ህመም እንኳ አይሰማም። ከጭን ቆዳ ተቆርጦ ካልተለጠፈ እጅየው ይኮማተራል።"

"እንደ ሱሪ ይጣፋላ!" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ስቃለች።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች። እናት ወደ ልጇ ጆሮ ጎንበስ አለች።

"ትንፍሽ ትያትና! በረኪና ሰረቀች ብለው ነው የሚያባርሩኝ። ምላስሽን ዋጪው።"

"እማ፣ እጅሽ እኮ..."

"እጄን እኔ አውቀዋለሁ!"

እስክሪብቶው "ውሃ" ብሎ መጻፍ ጀመረ። ልጅቷ እናቷ ያልያዘችውን እጇን ወረቀቱ ላይ ዘረጋችው።

"አይጻፉት ሲስተር። በበረኪና ፈትጋዋለች። ሦስት ቀን።"

ነርሷ ቀና አለች። እናት ማንንም አላየችም። የልጇን እጅ ግን ለቀቀችው።